«አለች» ላልቶ ሲነበብ

በአማርኛ አንድ ተንኮለኛ ቃል አለ፤ ሲጽፉት አንድ፣ ሲያነቡት ሁለት። «አለች» ነው። «ለ»ን ላላ አድርጎ ያነበበው ሰው «ተናገረች» ማለቱ ነው። ጠበቅ ያደረገው ደግሞ «ትኖራለች፣ የትም አልሄደችም» ማለቱ ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። ሰው ሲያነብ ግን ችግር የለም፤ ከአረፍተ ነገሩ ተነስቶ ሳያስበው ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። በዚህች ቃል የተነሳ እኔ ከሰው ተኳርፌያለሁ፣ ሥራ አዘግይቻለሁ፣ ስንት የሚያለቅሱበት ነገር ባለበት አገር ቁጭ ብዬ ለአንዲት ፊደል አልቅሻለሁ።

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከደሞዝ ሥራዬ ውጪ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን፣ ለዓይነ ስውራን አማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እንሠራለን። ሥራው ኦፕን ሶርስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ማንም ለማንም አይከፍልም። ይህን ለጎረቤቴ ሳስረዳው «ደቦ ነው በለኛ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠላ የሌለው ደቦ ነው። አንዱ ስህተት ሲያገኝ ማረሚያውን ሠርቶ ይልካል። ፓች እንለዋለን፤ ሱሪ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ መሆኑ ነው። እራፊው ከመሰፋቱ በፊት ከላከው ሰው ሌላ አንድ ሰው ይፈትሸዋል። ፓቹ ሲጠራቀም ደግሞ አዲስ እትም እናወጣለን። ለየትኛው እትም ምን እንደሚደርስ፣ ምን ወደሚቀጥለው እንደሚተላለፍ የማቅደው እኔ ነኝ፤ ድምፅ የሚነካ ፓችንም በመጨረሻ አዳምጬ የማስገባው እኔው ነኝ። ባልደረቦቼ በሌለሁበት ነዝናዛው ይሉኛል። ባለሁበትም ይሉኛል።

የፕሮግራሙ ድምፅ የእህቴ ነው። ታላቄ ናት፤ እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት። አንኮበር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። አባታችን ቄስ ነበሩና ዳዊት ያስደገሟት ገና በልጅነቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አጉድላ ወይም ውጣ ስታነብ ሰምቻት አላውቅም። ተማሪዎቿ ሲያነቡ ዓይኗን ጨፍና ትሰማቸው ነበር። አንዱ የሚጠብቀውን ካላላ ዓይኗን ሳትገልጥ «ተመለስ» ትለዋለች፤ ልጁም የት እንደተሳሳተ ራሱ ያውቀዋል።

የቀዳናት በወላጆቻችን ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ሁሉ በሱፍ ባና ሸፈንነው፤ የቀረውን ቀዳዳ በጋቢ ደፈንነው። ጉም የወረደ ቀን አንኮበር ጸጥ ስለሚል የዚያን ቀን እንመርጣለን። ያም ሆኖ የጎረቤት አውራ ዶሮ አልተቻለም። እስከ ዛሬ ድረስ «ማክሰኞ» የሚለውን ቃል በደንብ ያዳመጠ ሰው ከኋላው ዶሮውን ይሰማዋል፤ አንድ ሁለት ሰው እንዲወጣ ጠይቆኝ እምቢ ብያለሁ።

የሚቀዱትን ቃላት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ለብቻው፣ አረፍተ ነገር የሌለው። «አለች» ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህቺስ? ትጥበቅ ትላላ?»

«ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ከፈለግሽው ጀምሪ።»

አጥብቃ አነበበችው። ላላውን ስጠብቅ መሳቅ ጀመረች። «ቆይ እንጂ፤ መጀመሪያ ትኑር! ሳትኖር ምን ብላ ነው የምትናገረው?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በሳቃችን መሀል መብራት ጠፋ። አንኮበር መብራት ከጠፋ ጠፋ ነው። ላላውን ሌላ ጊዜ እንቀዳዋለን ብለን ባናውን አወረድን።

የመጀመሪያው እትም ሲወጣ መሳቂያ ሆንን። ፕሮግራሙ «ዋና ጸሐፊ» የሚለውን አላልቶ አነበበውና ባለሥልጣኑን የመዋኛ ጸሐፊ አደረገው። «ገና ነው» ሲባል የገና በዓል የደረሰ አስመሰለው። እትዬ ይህን ስትሰማ «በኔ ድምፅ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የተሳሳቱትንም አንድ በአንድ እንደገና ቀዳችልን። «አለች» ብቻ ቀረ። ስለዚህ ተረት በተነበበ ቁጥር ጦጣዋ ነገር ተናግራ እንደጨረሰች «አለች» ይጠብቃል፤ ጦጣዋ ተናገረች በማለት ፈንታ ጦጣዋ አለች፣ በሕይወት ናት ይላል። በእትሙ ዕቅድ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አለች፣ ላልቶ፣ እንደገና ይቀዳ።» ከጎኑ ሠሪው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የሷን ስም አስገባሁ።

ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ፈተና ደረሰባት። ወደሚቀጥለው እትም አስተላለፍኩት። ቀጥሎ መንገዱ አስቸጋሪ ሆነ። እንደገና አስተላለፍኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ አሾፍባት ነበር፤ እሷም «ያንተ እንቁላል ከነአስኳሉ ይሸመግላል» ትለኝ ነበር። ከዚያ ኩላሊቷ ታመመ።

ለእጥበት አዲስ አበባ ወሰድናት። አንድ ቀን ማይክሮፎኔን ይዤ ሄድኩ። እኔ አልጠየቅኋትም፤ በስልክ «ያቺን ነገር እንጨርሳት፣ አምጣው» ያለችኝ ራሷ ናት። ተደግፋ ቁጭ አለችና «አለች» አለች፤ ላላ አድርጋ፣ ምንም እንከን ሳይኖረው። ድምፁ ግን የሷ አልነበረም። ቀጥኗል፤ ትንፋሹ ይቀድመዋል። ሥራዬ መፈተሽ ነውና ጆሮዬ እኔን ሳያስፈቅድ ፈተሸው፤ ከጓዳው ድምፅ ጋር እንደማይገጥም ወዲያው አወቅሁ። ጥሩ ነው አልኳት። እሷ ግን አስተማሪ ናት።

«አትዋሽ፤ አይገጥምም» አለችኝ። «ሲሻለኝ ባናውን ሰቅለን እንደገና።»

አልተሻላትም። አንኮበር አባታችን አጠገብ ቀበርናት።

ሥራ መቼም አይቆምም። ከለቅሶው በኋላ የእትም ስብሰባችን ቀጠለ፤ በስልክ ነው የምንሰበሰበው። ዕቅዱን ከላይ ወደ ታች እናነባለን፤ ይሄ ደርሷል፣ ይሄ ይተላለፍ እንላለን። «አለች፣ ላልቶ፣ እንደገና ይቀዳ» የሚለው ጋ ስንደርስ ዘለነው ቀጥሎ ያለውን እናነባለን። የሚዘጋው ሰው ጠፋ፤ ስሟን አውጥቶ የሌላ ሰው ስም የሚያስገባም ጠፋ። እትም ሲወጣ እኔ ራሴ ወደሚቀጥለው አስተላልፈዋለሁ። ዕቅዱን የምንይዝበት ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ሠሪዋ ማስታወሻ ይድረሳት እያለ ለሞተች ሴት መልእክት ይልካል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ስሕተቱን እንደወደድኩት አልደብቅም። ከሥራ ስመለስ ለተማሪዎቿ ትተርክላቸው የነበረውን የጦጣዋን ተረት እከፍትና ፕሮግራሙ ሲያነበው እሰማለሁ። ተረቱ ግድ የለኝም። የምጠብቀው የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው። «አለች» ይላል የእህቴ ድምፅ፣ ጠብቆ። አለች። እንደገና አለች። አንድ ገጽ ተረት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትኖር! ከቀብሯ መልስ ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር። ቄሱም ዕድርተኛውም እንዲያ ብሎ አላጽናናኝም።

ፓቹ የመጣው ከአልዩ አምባ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ ከቆላው ከተማ። የላከው ዓይነ ስውር አስተማሪ ነው፤ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ፣ ኮድ የሚጽፈው የእትዬን ድምፅ እያዳመጠ የሆነ ሰው። እኩያዬ ነው። በአካል ያገኘሁት አንዴ ብቻ ቢሆንም ለብዙ ጊዜ አብረን ሠርተናል። ያን ወራት ኢንተርኔት ስለጠፋ ሥራችን የሚመላለሰው በፍላሽ ነበር። በገበያ ቀን ወደ አንኮበር ለሚወጣ ነጋዴ ይሰጠዋል፣ ነጋዴው ለሚኒባስ ረዳት፣ ረዳቱ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ለሚጠብቀው ለኔ። በላስቲክ የተጠቀለለ ፍላሽ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል። ከፍቼ ሳየው «አለችን የሚያላላ» የሚል ፓች ነው።

ሌላ ሰው አልቀዳም። «በቀለች» የሚለውን የእህቴን ቃል ወስዶ መጨረሻውን ቆርጦታል፤ እዚያ ላይ «ለ» ላላ ነው። የ«አለች»ን መነሻ አምጥቶ ከሱ ጋር ገጥሞታል። ከዚያ ለፕሮግራሙ መለያ ጻፈለት፦ ከቃሉ በፊት የንግግር ጥቅስ ካለ ላልቶ ይነበብ፤ «ቤት»፣ «እዚህ»፣ «አጠገብ» የሚሉ ዓይነት የቦታ ቃላት ካሉ ጠብቆ ይነበብ፤ ምንም ፍንጭ ከሌለ ላልቶ። አብሮት የድምፅ መልእክት ነበር። «ወንድሜ፣ እኛ ቁርኣን ስንቀራ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሸዳ የሚባል ምልክት አለን፤ እናንተ ምልክቱን ብትነፍጉንም በጆሮዬ ፈልጌ አገኘሁላችሁ። ተማሪዎቼ የፈተና ምንባብ እየተምታታባቸው ነው። ለሚቀጥለው እትም ቢደርስ።»

አዳመጥኩት። እህቴ፣ በጓዳው ድምፅ፣ ጤነኛ ሆና «አለች» አለች፤ ላላ አድርጋ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ነዝናዛነት ሙያዬ ነውና በዚያ ተጠቀምኩ። የፋይሉ ስም ደንባችንን አይከተልም ብዬ መለስኩት። ቁልቁል ወረደ፤ ታርሞ ወጣ። መገጣጠሚያው ላይ ጭረት ይሰማኛል አልኩ። ጭረት የለም፤ እሱም ይህን የማያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቢሆንም አለስልሶ ላከው። በመጨረሻ አንድ እውነተኛ የሚመስል ክርክር አገኘሁ። «ፍንጭ ከሌለ ጠብቆ ይነበብ እንጂ ለምን ይላላል?» አልኩት። «መጻሕፍት ውስጥ ከሚኖሩት የሚናገሩት ስለሚበዙ» ብሎ መለሰልኝ። ትክክል ነው። አሁንም እምቢ አልኩ። ባልደረቦቼ እትሙ በዚህ ፓች ምክንያት እየዘገየ መሆኑን በለሆሳስ ሊነግሩኝ ሞከሩ፤ ጮህኩባቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኙም ወረቀቱም ነበርኩ።

ከአልዩ አምባ የመጣው የመጨረሻው መልእክት አጭር ነው። «ወንድሜ፣ ፓቹ የጎደለው ነገር ካለ ንገረኝ፣ እሞላዋለሁ። ካልጎደለው ግን ነገሩ የፓች አይደለም። ያንን እኔ ልጠግነው አልችልም። አላህ ያጽናህ።»

ለሙት ዓመቷ አንኮበር ሄድኩ። ጸበል ጻዲቁ ተበልቶ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ በማግሥቱ ጠዋት እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ፀሐይ ፍለጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ፕሮግራሙን አሰምቻት አላውቅም፤ የልጇን ድምፅ ከስልክ ውስጥ ስትሰማ ምን እንደምትሆን ፈርቼ ነው። እሷ ግን ስታስብበት ነው የከረመችው።

«የልጄን ድምፅ አገር ምድሩ ይሰማዋል አሉ። ትናንት እንኳ አብረዋት ያስተማሩት ነገሩኝ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

«እማ፣ ያስለቅስሻል ብዬ እኮ ነው።»

«እና ሳልሰማው አላለቀስኩም? አምጣው።»

የጦጣዋን ተረት ከፈትኩላት፤ በስልኬ ያለው አሮጌው እትም ነው። የመጀመሪያው ቃል ሲሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ቀስ በቀስ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ጦጣዋ ተናግራ ጨረሰች፤ «አለች» አለ ስልኩ፣ ጠብቆ። የእናቴ ግንባር ተቋጠረ። ሁለተኛው «አለች» ሲመጣ እጇን ከአፏ አወረደች።

«ማናት ያለችው?»

«ጦጣዋ ናት እማ፤ ተናገረች ለማለት ነው።»

«እና ምነው አጠበቀችው?»

«ማሽኑ ነው። እሷ አይደለችም።»

«በድምፅዋ አይደል የሚናገረው?» አለችኝ፤ ተቆጥታለች። «የሰማ ሁሉ ልጅቷ ማንበብ አትችልም አይልም? አባትህ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ልጄ እንዲህ አታነብም። ተመለስ በለው!»

እኔ በየተረቱ መጨረሻ እህቴን በሕይወት ሳገኛት ኖሬያለሁ። እናቴ የሰማችው ልጇ በሕዝብ ፊት ስትሳሳት ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አወጣሁ፤ ፓቹ እዚያ ላይ አለ። ያንኑ ተረት እንደገና ከመጀመሪያው አስነበብኩት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ እትዬ ይህን አጨፋፈን የወረሰችው ከሷ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ጦጣዋ ተናገረች፤ «አለች»፣ ላልቶ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እሷ ናት» አለችኝ። «ይህቺ ናት ልጄ።»

ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይይዛል፤ ኢንተርኔቱም ተመልሷል፤ የመንደሩ ሰው ስልክ ለመደወል የሚወጣው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወጣሁ። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ነበር፤ አልዩ አምባ አይታይም። ፓቹን ለመጨረሻ ጊዜ ፈተሽኩት፤ ምንም አልጎደለውም፤ ያኔም አልጎደለውም ነበር። አስገባሁት። ለአልዩ አምባው ወዳጄ «ገብቷል፤ ተማሪዎችህ ይስሙት» ብዬ ጻፍኩለት። ዕቅዱን ከፈትኩ። «አለች፣ ላልቶ፣ እንደገና ይቀዳ።» ከጎኑ ስሟ። ተፈጸመ የሚለውን ስነካ የዕቅዱ ፕሮግራም የሠሪውን ስም በምስጋናው ውስጥ ላስገባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስልክ ሊደውሉ የወጡ ሰዎች ሙት ዓመታችን መሆኑን ስለሚያውቁ ራቅ ብለው ቆሙ። የሁለቱንም ስም አስገባሁ፤ የሷንና የሱን።

ስመለስ እናቴ ከደጃፉ ተነስታ ጓዳ ገብታለች፤ የምሳ ነገር እያሰናዳች ነው። ያ ድሮ ባና የሰቀልንበት ጓዳ ነው። ስልኬ ላይ አዲሱን ጭኜ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ማንኛውም ፓች ከገባ በኋላ አንድ አጭር ነገር ጽፌ መሞከር ልማዴ ነው። ጣቴ ምን እንደሚጽፍ ሳላስብበት ጻፈ።

«እህቴ አለች።»

ጥቅስ የለው፣ የቦታ ቃል የለው። ምንም ፍንጭ የለውም። እኔ ራሴ የተከራከርኩበት ነው፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ያም ሆኖ ተጫንኩት።

የእህቴ ድምፅ ጥርት ብሎ አነበበው፤ «አለች»ን ላላ አድርጎ፣ አንድ ነገር ተናግራ እንደጨረሰች። ከዚያ ዝም አለ።

ከጓዳው የዕቃው ድምፅ ቆመ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ምንም አላለችም እማ» አልኳት።